በገዛ እጄ በጠገንኋት መኪና ዐባይን ስሻገር



ሰው ረጅም መንገድ ሲሄድ አገርን ብቻ አያይም፤ ራሱንም ያያል። በቤቱና በሥራ ቦታው ተሸፍኖ የኖረ ጠባዩ በዳገትና በቁልቁለት፣ በሙቀትና በድካም ጊዜ ይገለጣል። እኔም በ2006 ዓ.ም. በኅዳር ወር እናቴንና ቤተ ሰቤን ይዤ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ ባደረግሁት የ300 ኪሎ ሜትር ያህል ጉዞ ያየሁት የሰላሌን ሜዳና የዐባይን ሸለቆ ብቻ አልነበረም። የእጄን ስሕተት አየሁ፤ ከእርሱም የሚከፋውን፣ ስሕተትን የመደበቅ ልማዴን አየሁ። ታሪኩ ለእኔ የሚያሳፍር ነው። ነገር ግን መኪና ያለውም የሌለውም ቤተ ሰብ አንድ ነገር ያገኝበት ይሆናል ብዬ እንደ ሆነው አድርጌ እጽፈዋለሁ።

ሥራዬ ማስተማር ነው፤ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ ትምህርት አስተምራለሁ። በ2005 ዓ.ም. ባለቤቴና እኔ ለብዙ ጊዜ ካጠራቀምነው ገንዘብ ላይ ብድር ጨምረን አንዲት አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ገዛን። ዕድሜዋ ከበኩር ልጄ ዕድሜ በእጥፍ ይበልጥ ነበር። አሮጌ መኪና እንደ አሮጌ ቤት ናት፤ አንዱን ሲደፍኑ ሌላው ያፈሳል። የጋራዡ ክፍያ ከደመወዜ ጋራ አልመጣጠን ቢለኝ ክሪክ፣ የብሎን መፍቻዎች፣ ካቻቢቴና ፒንሳ ገዝቼ ጥገናውን ራሴ ጀመርሁ። ጎረቤቶቼም «መምህሩ እኮ መኪናውን የሚጠግነው ራሱ ነው» ይሉ ጀመር። ይህ ምስጋና ከማር ይልቅ ጣፈጠኝ። ቆይቶ መዘዝ ያመጣብኝም እርሱ ነው።

የመጀመሪያው ውርደቴ የመጣው በዘይት ለውጥ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከመኪናይቱ ሥር ተጋድሜ የሞተሩ ዘይት ማፍሰሻ ነው ያልሁትን ብሎን ፈታሁ። የወረደው ዘይት ከጠበቅሁት ያነሰና የጠራ ስለ ነበረ፣ «እይ፣ መኪናችን እንዴት ያለ ንጹሕ ሞተር አላት!» ብዬ ለባለቤቴ አሳየኋት። ከዚያም ብሎኑን አጥብቄ በላይ በኩል 4 ሊትር አዲስ የሞተር ዘይት ጨመርሁ። ለካ እኔ የፈታሁት የሞተሩን ሳይሆን በአጠገቡ ያለውን የካምቢዮውን ብሎን ኖሯል! ካምቢዮው ባዶውን ቀረ፤ ሞተሩም በአሮጌው ላይ አዲስ ተጨምሮበት እጥፍ ዘይት ጠጣ። ሞተሩን ባስነሣሁ ጊዜ ከጭስ ማውጫው የወጣው ሰማያዊ ጭስ ግቢያችንን ሞልቶ ወደ ጎረቤት ተሻገረ። ልብስ አጥበው ያሰጡት ጎረቤታችን ወይዘሮ ልብሳቸውን እየሰበሰቡ ወደ ቤት ሮጡ።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሞተሩን ቶሎ ስላጠፋሁት ብዙ ጉዳት አልደረሰም። አንድ መካኒክ መጥቶ ነገሩን አስተካከለልኝና ስቆ ሄደ። ለባለቤቴ ግን «የሸጡልኝ ዘይት የተበላሸ ኖሯል» አልኋት። ስሕተቴን ስሙን በማላነሣው ነጋዴ ላይ ጫንሁና የአዋቂነት ስሜን አዳንሁ። ያን ዕለት እውነቱን ብናገር ኖሮ ወጪው የ4 ሊትር ዘይት ዋጋና የአንድ ምሽት ሳቅ ብቻ በሆነ ነበር።

በዚያው ዓመት መጨረሻ የ74 ዓመት አረጋዊት የሆኑት እናቴ ዐይናቸውን ሞራ ሸፍኖት ለሕክምና ከደብረ ማርቆስ መጡ። በአዲስ ዓመት መግቢያ የአንዱ ዐይናቸው ሞራ በቀዶ ሕክምና ተነሣላቸውና ብርሃን ተመለሰላቸው። ማየት ከጀመሩ ወዲህም ልባቸው ወደ አገራቸው ቸኮለ። በተለይ የኅዳር ሚካኤልን በደብራቸው ለማክበር ተስለው ስለ ነበር፣ ከበዓሉ አስቀድሜ ላደርሳቸው ቃል ገባሁ።

ከጉዞው ሁለት ቀን ሲቀር የፊት ጎማዎቹ ፍሬን ብረት በብረት እንደሚፋቅ ያለ ድምፅ ያሰማ ጀመር። የፍሬኑ ሸራ አልቋል። በዚህ ዓይነት መኪና የፊት ጎማ ውስጥ ዲስክ የሚባል ክብ ብረት ከጎማው ጋራ አብሮ ይዞራል። ሸራዎቹን የተሸከመው ሌላ ብረት ደግሞ ዲስኩን እንደ አንጥረኛ ጉጠት ከሁለት ወገን ይጨብጠዋል። እኔ ሸራውን ብቻ መለወጥ ሲበቃኝ፣ «እግረ መንገዴን የውስጡንም ላስቲክ ልለውጥ» ብዬ የግራውንም የቀኙንም ጉጠት ከነቱቦው ፈትቼ በአንድ ሣህን ላይ አኖርኋቸው። ሁለቱ እንደ መንታ ልጆች ይመሳሰላሉ። የትኛው ከየትኛው ወገን እንደ ወጣ ምልክት አላደረግሁም።

መልሼ ስገጥም የ11 ዓመቱ የበኩር ልጄ በመኪናው ውስጥና በጎማው አጠገብ እየተመላለሰ ይረዳኝ ነበር። በእያንዳንዱ ጉጠት ላይ አየር የሚወጣባት አንዲት ትንሽ ብሎን አለች። ልጁ ያችን ብሎን አይቶ፣ «አባዬ፣ ይህች ስንፈታት ወደ ላይ አልነበረችም እንዴ? አሁን እኮ ከታች ናት» አለኝ። እኔም ከልጅ መማር የሚገባኝ አልመሰለኝምና፣ «አንተ ዝም ብለህ ርገጥ ስትባል ብቻ ርገጥ!» ብዬ ገሠጽሁት። ልጁ ዝም አለ። እርሱ መርገጫውን ሲረግጥ እኔ ብሎኗን እየከፈትሁና እየዘጋሁ አየሩን ያስወጣሁ መሰለኝ።

የፍሬንን ነገር ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት መግለጥ ያስፈልጋል። ሾፌሩ መርገጫውን ሲረግጥ የእግሩ ኀይል በቀጭን ቱቦ ውስጥ ባለ ዘይት አማካይነት ወደ ጎማዎቹ ይደርሳል። ይህ ዘይት ቢጫኑት አይታመቅምና የተቀበለውን ግፊት ሳያጎድል ለሁሉም ያደርሳል። ይህን ሕግ በ17ኛው መቶ ዓመት የገለጠው የፈረንሳይ አገር ሊቅ ብሌዝ ፓስካል ነው፤ እኔም በጥቁር ሰሌዳ ላይ ለብዙ ዓመታት ጽፌዋለሁ። አየር ግን እንደ ዘይት አይደለም፤ ሲጫኑት ይታመቃል። ስለዚህ በቱቦው ውስጥ አየር ከቀረ የሾፌሩ ኀይል ጎማውን በመያዝ ፈንታ አየሩን በማመቅ ይባክናል። መርገጫው እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል፤ ጥቂት የሚጠነክረውም ደጋግመው ሲረግጡት ብቻ ነው።

ዐርብ ማታ በግቢያችን በር ስሞክራት መርገጫው ልክ እንዲህ ነበር። አንድ ጊዜ ሲረግጡት ወደ ውስጥ ይሰጥማል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲረግጡት ይይዛል። በክፍል ውስጥ ተማሪ ይህን ምልክት ነግሮ ምክንያቱን ቢጠይቀኝ ወዲያው እመልስለት ነበር። ለራሴ ግን፣ «ሸራው አዲስ ስለ ሆነ ነው፤ ሲለማመድ ይስተካከላል» አልሁት። ባለቤቴ «ደኅና ሆነ?» ብትለኝ፣ «በጣም ደኅና!» አልኋት።

ቅዳሜ ኅዳር 7 ቀን ከጧቱ በ12 ሰዓት ተነሣን። እናቴ ከፊት፣ ባለቤቴና ሦስቱ ልጆች ከኋላ ተቀመጡ። አዲሱ ገበያን አልፈን የእንጦጦን ጋራ ከተሻገርን በኋላ የሱሉልታ ሜዳ ከጤዛው ጋራ ተዘርግቶ ጠበቀን። ሣሩ ታጭዶ ድርቆሹ በየማሳው ተከምሯል። ከጫንጮና ከሙከ ጡሪ ወዲያ ያለው የሰላሌ አገር በወተቱ የታወቀ ነው፤ በየመንገዱ ዳር ገበሬዎች የወተት ዕቃቸውን ይዘው የሚቀበላቸውን መኪና ይጠባበቁ ነበር። ጤፉ ወርቅ መስሏል፤ አንዳንዱ ቦታ ታጭዶ ነዶው ቆሟል። እናቴ ዐይናቸውን ከመስኮቱ አልነቀሉም። «ይህ ጤፍ ነው? ያቺ ነጭ የምትታየው በግ ናት ወይስ ድንጋይ?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። እኔ ግን በሜዳው ውበት አልተደሰትሁም። ከብት መንገድ ባቋረጠ ቁጥር መርገጫውን ሦስት ጊዜ እረግጥ ነበርና ልቤ ከእግሬ ሥር ነበረች።

100 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዝን ወደ ደብረ ሊባኖስ የሚያስገባው መታጠፊያ ደረስን። እናቴ ሳይሳለሙ ማለፍ አልፈለጉም። ይህን ገዳም በ13ኛው መቶ ዓመት የመሠረቱት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ሲሆኑ፣ ቀድሞ ደብረ አስቦ ይባል ነበር። በግንቦት ወር 1929 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር መነኮሳቱን የፈጀበት ሥፍራም ይኸው ነው። መንገዱ ከአምባው ጫፍ ተነሥቶ በገደሉ ጥግ ወደ ገዳሙ ይወርዳል፤ ጭላዳዎች በሣሩ ላይ ተቀምጠው መንገደኛውን ይመለከታሉ። በዚህች አጭር ቁልቁለት መርገጫው ከወትሮው ይልቅ ሰጠመ፤ መኪናይቱም ካሰብሁት ቦታ አልፋ ቆመች። እናቴ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተንበርክከው ሲጸልዩ፣ እኔ ከኋላቸው ቆሜ ስለ ፍሬኑ አስብ ነበር። የሚያስተካክል ሰው መፈለግ የሚገባኝ ያን ጊዜ ነበር። ነገር ግን መካኒክ ብጠራ ለባለቤቴ ምን እላታለሁ? ዝም ብዬ ሞተሩን አስነሣሁ።

ፍቼንና ገርበ ጉራቻን አልፈን ወደ እኩለ ቀን ገደማ ጎሐ ጽዮን ደረስን። ይህች ከተማ ከአዲስ አበባ 185 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በዐባይ ሸለቆ አፋፍ ላይ የተቀመጠች ናት። ከዚህች ከተማ እስከ ማዶው እስከ ደጀን ድረስ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በግማሹ መንገድ መኪናው ከ1,300 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ በቀረው ግማሽ ደግሞ ያንኑ ያህል ሽቅብ ይወጣል። ስለዚህ የከባድ መኪና ሾፌሮች ከመውረዳቸው በፊት በጎሐ ጽዮን ቆመው ጎማቸውንና ፍሬናቸውን ይመረምራሉ፤ ምሳ ይበላሉ፤ ይማከራሉ።

እኛም ምሳ በልተን ልንነሣ ስንል ጠና ያሉ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ወደ መስኮቴ ቀረቡ። ቆርቆሮ ጭነው ወደ ባሕር ዳር የሚሄዱ ነበሩ።

«ወንድሜ፣ ከፍቼ ጀምሮ ከኋላህ ነበርሁ» አሉኝ። «በቆምህ ቁጥር የፍሬንህ መብራት ሦስት ሦስት ጊዜ እየበራ ይጠፋል። ፍሬንህ ደኅና ነው?»

ባለቤቴ ከኋላ፣ እናቴ ከጎኔ ናቸው። ልጆቹም ይሰማሉ።

«ደኅና ነው፤ ለጥንቃቄ ያህል ደጋግሜ ስለምረግጥ ነው» አልኋቸው።

«ለጥንቃቄስ አንድ ጊዜ የያዘ ፍሬን ይበቃ ነበር» አሉና ሻያቸውን ሊጠጡ ተመለሱ።

ቁልፉን ላዞር እጄን ስዘረጋ እናቴ እጄን በእጃቸው ያዙት።

«ልጄ፣ ዐይኔ ሲጨልም ሁለት ዓመት ሙሉ ደበቅኋችሁ» አሉኝ። «ሸክም እንዳልሆንባችሁ ነው እል ነበር፤ እውነቱ ግን አረጀች እንዳትሉኝ ነው። አንድ ቀን ከምንጭ ስመለስ ከገደሉ አፋፍ አንድ እርምጃ ሲቀረኝ የጎረቤት ልጅ ጎትቶ አዳነኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። አሁን ለዚያ ሰው ስትመልስለት፣ ድምፅህ ያኔ ደኅና ነኝ ስላችሁ የነበረውን የእኔን ድምፅ መሰለኝ።»

ከዚህ በኋላ መካድ አልቻልሁም። ወደ ኋላ ዞሬ ለባለቤቴ፣ «ፍሬኑ ደኅና አይደለም። ከትናንት ማታ ጀምሮ አውቄዋለሁ» አልኋት። ፊቷ ተለወጠ። የመጨረሻዋን ልጃችንን ወደ ደረቷ አስጠጋችና ለብዙ ጊዜ ዝም ብላ አየችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «እማማንና እነዚህን ልጆች ይዘህ?» አለችኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። እኔም ከመኪናው ወርጄ ወደ ሾፌሩ ሄድሁና፣ «አባቴ፣ ዋሽቼዎታለሁ» አልኋቸው።

እርሳቸውም ነገር ሳያበዙ ሻያቸውን አስቀምጠው ተነሡ፤ ወደሚያውቁትም አንድ ወጣት መካኒክ ወሰዱኝ። ወጣቱ መኪናይቱን በክሪክ አንሥቶ፣ ሥሯን በድጋፍ አጽንቶ፣ ሁለቱን የፊት ጎማዎች አወለቀ። ከዚያም ጎንበስ ብሎ አየና ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

«ጋሼ፣ ግራው ቀኝ፣ ቀኙም ግራ ሆኗል እኮ!» አለኝ። «የአየር ማውጫዋን ብሎን እይዋት፤ ከታች ናት። አየር በዘይት ውስጥ ወደ ላይ ነው የሚወጣው። እርስዎ በታች በኩል ከፍተው ዘይቱን ያፈሳሉ፤ አየሩ ግን ከላይ ተቀምጦ ይስቅብዎታል።»

ሾፌሩም «ምን ታስተምራለህ?» ብለው ጠየቁኝ። «ፊዚክስ» አልኋቸው። በዙሪያው የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። ሲያድር እኔም ሳቅሁ፤ ያን ጊዜ ግን ጆሮዬ ድረስ እሳት ተሰማኝ። በጣም የቆጠቆጠኝ የሰዎቹ ሳቅ አልነበረም። ልጄ ከአጠገቤ ቆሞ ነበር፤ አልሳቀም። ትክክል መሆኑን ያወቀ ልጅ ሁሉ የሚያደርገውን ኩራት እንኳ አላሳየም። ጫማውን ብቻ ይመለከት ነበር። ስገሥጸው ዝም ማለትን ተምሯል ማለት ነው። እኔ ለአንድ ምሽት ስሜን ለማዳን ብዬ ስድስት ነፍስ የሚያድን ቃል ከአፉ ነጠቅሁት። በሰው ሁሉ ፊት፣ «ልጄ፣ አንተ አይተኸው ነበር፤ ያልሰማሁህ እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ» አልሁት። ወጣቱ መካኒክም ይህን ሰምቶ ልጁን ጠራውና፣ «በል እንግዲህ፣ አንተ ትረግጣለህ፣ እኔ እከፍታለሁ» አለው።

ሥራው ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ። ጉጠቶቹ ወደየቦታቸው ተመለሱ፤ አዲስ የፍሬን ዘይት ተገዝቶ ተጨመረ። የያዝሁትን ተከፍቶ የከረመ ጠርሙስ መካኒኩ አልፈለገውም፤ የፍሬን ዘይት ክዳኑ ተከፍቶ ሲቆይ ከአየር ርጥበት ይጠጣልና፣ በቁልቁለት ሲግል ቶሎ ይፈላል፤ ሲፈላም በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጥራል ብሎ አስረዳኝ። እንፋሎትም እንደ አየር የሚታመቅ ነው።

እስኪያልቅ ድረስ ሰዎቹ እኔን ለማጽናናት የየራሳቸውን ጉድ ያወሩልኝ ጀመር። ሾፌሩ በረዳትነታቸው ዘመን ጎማ ለውጠው የጎማውን ዳዶዎች በእጃቸው ብቻ አዙረው፣ በመፍቻ ሳያጠብቁ ተነሡ። ጥቂት እንደ ሄዱ አንድ ጎማ ብቻውን እየተንከባለለ ሲቀድማቸው አይተው፣ «የማን ጎማ ነው?» ብለው ጠየቁ፤ ወዲያው የእነርሱ መኪና አንዱ ማዕዘን ወደቀ። መካኒኩም በተማሪነቱ የሞቀ ራዲያተር ክዳን ከፍቶ ክንዱ የተቃጠለበትን ጠባሳ አሳየኝ። በራዲያተር ውስጥ ያለው ውኃ ታፍኖ ስለሚሞቅ፣ ከመደበኛው የመፍያ ሙቀት አልፎም ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑ በድንገት ሲከፈት ግን ባንድ ጊዜ እንፋሎት ሆኖ ይገነፍላል። ሌላው ደግሞ የባትሪውን ቀይና ጥቁር ገመድ አቀያይሮ ያቃጠለውን የመብራት ሽቦ ነገረኝ። ሁሉም ስሕተታቸውን ያለ ኀፍረት ሲያወሩ ሳይ አንድ ነገር ገባኝ፤ እነዚህ ሰዎች አዋቂ የሆኑት ስላልተሳሳቱ አይደለም፤ ስሕተታቸውን እያወሩ ስላስተማሩበት ነው።

ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን ቁልቁለቱን ጀመርን። መርገጫው በመጀመሪያው እርግጫ እንደ ድንጋይ ጸንቶ ይዟል። ሾፌሩ ከፊቴ እንዲሄዱ ጠየቅኋቸው፤ «ስትወጣ በምትይዘው ማርሽ ውረድ፤ ፍሬኑን አታድክመው፣ ሞተሩ ይያዝልህ» ብለውኝ ነበርና በሁለተኛ ማርሽ ተከተልኋቸው። በኋላ ቁጭ ብዬ ሳሰላው፣ ከነሸክሟ 1,300 ኪሎ ግራም ያህል የምትመዝን መኪና ያን ያህል ስትወርድ ፍሬኑ ብቻ ቢይዛት የሚወጣው ሙቀት 50 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ያ ሁሉ ሙቀት ከመዳፍ በማይበልጡ ሸራዎችና በዲስኮቻቸው ላይ እንደሚያርፍ ስገነዘብ፣ አየር ባለበት ፍሬን ወርጄ ቢሆን ምን ይደርስ እንደ ነበር ለመገመት አልደፈርሁም።

የዐባይ ሸለቆ የምድርን መጽሐፍ ገጽ በገጽ የገለጠ ሥፍራ ነው። በአፋፉ ላይ ከጥንት እሳተ ገሞራ የመጣው ጥቁር ድንጋይ አለ፤ ከበታቹ ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ፣ ከሥሩም ቀላ ያለው የአሸዋ ድንጋይ ይከተላል። በወረድን ቁጥር አየሩ ይሞቃል፤ ልጆቹ ሹራባቸውን አወለቁ። በጎሐ ጽዮን የተውነው ብርድ በአንድ ሰዓት ውስጥ የቆላ ወበቅ ሆነ። እናቴ የሚያዩት አላልቅ አላቸው። ይህን መንገድ ስንት ጊዜ ተመላልሰውበታል፤ ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ ግን ጭጋግ እንጂ ሌላ አላዩም ነበር። «ያ ማዶ የደጀን ገደል ነው?» ሲሉ፣ «አዎን፣ እማዬ» አልኋቸው። «እንግዲህ ጥርት ብሎ ታየኝ» አሉና አማተቡ።

ከታች በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራውና ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ ያገለገለው የሕዳሴ ድልድይ በረጃጅም የብረት ገመዶች ተወጥሮ ቆሟል፤ በአጠገቡም አሮጌው ድልድይ ይታያል። ወንዙ በክረምት ያመጣውን አፈር ገና አልጨረሰምና ውኃው ቡናማ ነበር። ድልድዩን ተሻግረን ዳገቱን ስንይዝ ሾፌሩ የቀኝ መብራታቸውን አብርተው እንድናልፋቸው ምልክት ሰጡን። በአጠገባቸው ስናልፍ ልጄ በመስኮት እጁን አውጥቶ ሰላም አላቸው፤ እርሳቸውም ጥሩምባቸውን ነፉለት። ከዚያ ወዲህ አላገኘኋቸውም።

ደጀን ላይ ስንወጣ ፀሐይ ልትጠልቅ ተቃርባ ነበር። ጨለማ ሳለ ደብረ ማርቆስ ገባን። ኅዳር 12 ቀን እናቴ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ማንም እጃቸውን ሳይዛቸው፣ በገዛ ዐይናቸው መንገዱን እያዩ ወደ ደብራቸው ሄዱ፤ ይህንም በስልክ ሲነግሩኝ ድምፃቸው የልጅ ድምፅ ነበር። እኔና ቤተ ሰቤ ወደ አዲስ አበባ የተመለስነው በማግሥቱ እሑድ ነበር። በመንገድ ላይ የዚያን የተበላሸ ዘይት እውነተኛ ታሪክ ለባለቤቴ ነገርኋት። እርሷም፣ «የጭሱ ሽታ ገና ሳይጠፋ አውቄው ነበር፤ እስክትነግረኝ እጠብቅ ነበር» አለችኝ።

አንባቢ ሆይ፤ መኪናህን ራስህ መጠገንህ የሚነቀፍ አይደለም፤ ገንዘብ ይቆጥባል፤ ዕውቀትም ይጨምራል። ነገር ግን የፈታኸውን ሁሉ ሳታወልቅ ምልክት አድርግበት። በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር አትግባ፤ ጽኑ ድጋፍ አድርግለት። የጎማውን ዳዶዎች ጎማው መሬት ከነካ በኋላ ደግመህ አጥብቃቸው። የምታፈስሰው ዘይት ከየትኛው ክፍል እንደሚወርድ አስቀድመህ እወቅ። ፍሬን ከነካህ ደግሞ ሌላ አዋቂ ሳያየው፣ በሜዳም በቀስታ ሳትሞክረው ቤተ ሰብህን አታሳፍር። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ይባላልና «አላወቅሁትም» ማለት አይክበድህ። ከሁሉ ይልቅ በአጠገብህ ቆሞ የሚያይ ልጅ «ይህ ነገር ልክ አይመስለኝም» ቢልህ፣ መፍቻውን አስቀምጥና ስማው።

በእኛ ቤት ከዚያ ጉዞ ወዲህ መኪና በተፈታ ቁጥር ጠመኔ ይዞ በየብረቱ ላይ «ግራ»፣ «ቀኝ» እያለ የሚጽፈው የበኩር ልጄ ሆነ። እኔም እርሱ ጽፎ ሳይጨርስ ብሎን መፍታት ተውሁ።